የትእዛዝን ቅደም ተከተል ማን ይጠብቃል? ስለ ጃቫ የማኅደረ ትውስታ ደንብ የቀረበ ሂስ

ለጀማሪ ተማሪ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ኮምፒዩተር የታዘዘውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች፣ በተጻፈበት ተራ ይፈጽማል» በሚል ዐረፍተ ነገር ነው። አባባሉ ለጅምር ያህል ይጠቅማል፤ አንድ ሠራተኛ ብቻውን በሚሠራበት ቤትም እውነት ነው። ሁለት ሠራተኞች በአንድ መዝገብ ላይ በአንድ ጊዜ ሲጽፉና ሲያነቡ ግን እውነትነቱ ያበቃል። ዛሬ በተማሪው ኪስ የሚገኘው ስልክ እንኳ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያካሂድ ፕሮሰሰር የያዘ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምናቀርብበት ሰነድ ጄምስ ጎስሊንግ፣ ቢል ጆይና ጋይ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት የጃቫ ቋንቋ መግለጫ 17ኛ ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ የሚናገረው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ ሥራዎች፣ ማለትም ስለ ትሬዶችና ስለ ቁልፎቻቸው ነው። ከ8 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ከመሠረቱ ተለውጦ እንደገና ተጻፈ። የመጀመሪያው ለምን ወደቀ? በምን ተተካ? የተተካውስ ምን ይጎድለዋል? አቋማችንን ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ቅደም ተከተል የማሽን ተፈጥሮ ሳይሆን ውል ነው፤ ውልም የሚመዘነው ተዋዋዮቹ ሁሉ አንብበው ሊረዱት በመቻላቸው ነው እንላለን።

1. ችግሩ ከሥሩ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ በመጀመሪያ ችግሩን በምናውቀው ነገር እንመልከተው። አንድ የሒሳብ መምህር የተማሪዎችን ውጤት በሮስተር ላይ ሞልቶ ሲያበቃ በግርጌው «ተጠናቋል» ብሎ ይፈርማል እንበል። የክፍል ኃላፊው ደግሞ ፊርማውን ሲያይ ውጤቱን ወደ ተማሪዎቹ ካርድ ይገለብጣል። ይህ አሠራር የቆመው በአንድ እምነት ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፊርማው ከታየ ውጤቱ ከዚያ በፊት ተሞልቷል የሚል ነው። መምህሩ ለራሱ እንዲመቸው አስቀድሞ ፈርሞ ውጤቱን በኋላ ቢሞላስ? እርሱ በበኩሉ ምንም አላጎደለም፤ ሁለቱንም ሥራ ሠርቷል። የክፍል ኃላፊው ግን ባዶ ሮስተር ይገለብጣል። እንግዲህ ለአንዱ ሠራተኛ ምንም ለውጥ የማያመጣ የተራ መዛወር ለሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በኮምፒዩተር ውስጥ እንዲህ ያለውን መዛወር የሚያደርጉ ሁለት ክፍሎች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ነው። ዋናው ማኅደረ ትውስታ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሩ የሚጽፈውን ወዲያው ወደዚያ ሳያደርስ በደጃፉ ባለች መቆያ አኑሮ ሌላ ሥራ ይቀጥላል። በብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር በዚህ በኩል ጥብቅ ነው፤ በመሠረቱ የሚፈቅደው አንድ መዛወር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቀደም ብሎ የተጻፈ ነገር ገና በመቆያ ሳለ ከሌላ ቦታ ማንበብ ነው። በአብዛኞቹ ስልኮች ውስጥ የሚገኘው የአርም ፕሮሰሰር ግን ሁለት ጽሕፈቶችን እርስ በርስ፣ ሁለት ንባቦችንም እርስ በርስ ሊያዛውር ይችላል።

ሁለተኛው ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰው ተርጓሚ ነው። ተርጓሚው ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ሲል ትእዛዝ ይቀንሳል፣ ያጣምራል፣ ያፈናጥራል። ይህን ሲያደርግ የሚጠነቀቀው ትእዛዙን የሚፈጽመው ትሬድ ብቻውን ሲታይ ውጤቱ እንዳይለወጥ ነው።

ሌስሊ ላምፖርት በ1979 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ በልቡ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ በግልጽ አስቀምጦ ነበር። የሁሉም ፕሮሰሰሮች ትእዛዞች በአንድ ሰልፍ ቆመው፣ የእያንዳንዱም ትእዛዝ የራሱን ተራ እንደጠበቀ ቢፈጸሙ የሚገኘው ውጤት መገኘት አለበት የሚል ነው። ይህን የሚመኘው ሁሉ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍል ግን ጥቂት ነው። ማሽን ሠሪዎች ፍጥነትን መርጠዋልና።

2. በሥራ ላይ ሳለ የሚተረጉም ተርጓሚ

የጃቫ ፕሮግራም ተለይቶ የሚታይበት ነገር አለ። ፕሮግራሙ ሥራ የሚጀምረው አንድ ትእዛዝ እያነበበ አንድ ትእዛዝ በሚፈጽም ኢንተርፕሪተር ነው። አንድ ክፍል ደጋግሞ ከተጠራ በኋላ ግን «ጀስት ኢን ታይም» ወይም ባጭሩ ጂት የሚባለው ኮምፓይለር ያን ክፍል ብቻ ለይቶ፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ፣ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ይመልሰዋል። በ1999 የወጣው ሆትስፖት የተባለው የጃቫ ማሽን የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ በቀድሞዎቹ የሰርቨር እትሞች ውስጥ የተለመደው ገደብ 10,000 ጥሪ ነበር።

የዚህ ውጤት ለመምህር አስደናቂ ሊሆን ይገባል። ፕሮግራሙ አንድ፣ ማሽኑ አንድ፣ ተማሪውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ትክክል የሠራ ፕሮግራም በሁለተኛዋ ሴኮንድ ሊቆም ወይም ሊሳሳት ይችላል። ጆሹዋ ብሎክ በ2008 በወጣው «ኢፌክቲቭ ጃቫ» ሁለተኛ እትም ያቀረበው ምሳሌ ይህን ያሳያል። አንድ ትሬድ «አቁም የሚል ምልክት እስኪታይ ድረስ ቁጠር» ተብሎ ታዟል፤ ሌላው ትሬድ ከ1 ሴኮንድ በኋላ ምልክቱን ያቆማል። ፕሮግራሙ ግን በደራሲው ማሽን ላይ ጨርሶ አልቆመም። ምክንያቱም ጂት ኮምፓይለሩ ቆጣሪው ትሬድ ራሱ ምልክቱን እንደማይለውጠው አይቶ፣ «ምልክቱን በየዙሩ ማየት ለምን ያስፈልጋል?» በሚል ስሌት አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ ማለቂያ ወደሌለው ዙር እንዲገባ አድርጎ ተርጉሞታል። ቆጣሪው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ ፍጹም ትክክል ነበር።

አንባቢ እዚህ ላይ ማጤን የሚገባው፣ ኮምፓይለሩ ሕግ አለመጣሱን ነው። ጥያቄው ሕጉ ምን ይላል የሚለው ነው። ወደ ሰነዱ የምንመጣውም ለዚህ ነው።

3. የ1996ቱ ምዕራፍ

በመጀመሪያ ለሰነዱ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ከዚያ በፊት በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩ ቋንቋዎች፣ ለምሳሌ ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ስለ ትሬዶች በቋንቋው ደንብ ውስጥ ምንም አይናገሩም ነበር፤ ጉዳዩን ለማሽን ሠሪውና ለቤተ መጻሕፍት ጸሐፊው ይተዉት ነበር። ሲ ፕላስ ፕላስ የራሱን ደንብ ያገኘው በ2011 ነው። የጃቫ ጸሐፊዎች ግን አንድ ፕሮግራም በማናቸውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖረው ስለፈለጉ፣ በማኅደረ ትውስታ ላይ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደሚከለከል ለመደንገግ ደፈሩ። ይህ ድፍረት በታሪክ ሊመዘገብላቸው ይገባል።

ጉድለቱ በአጻጻፉ ላይ ነው። ምዕራፉ ለእያንዳንዱ ትሬድ የሥራ ማኅደር እንዳለው፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ዋና ማኅደርም እንዳለ አድርጎ ያስባል፤ በሁለቱ መካከል የሚደረጉትንም 8 ዓይነት ድርጊቶች ዘርዝሮ የትኛው ከየትኛው እንዲቀድም ብዙ ደንብ ያወጣል። እንግዲህ የጻፈው ስለ አንድ ምናባዊ ማሽን አሠራር እንጂ ለፕሮግራም ጸሐፊው ስለሚሰጠው ተስፋ አይደለም። አንባቢው «ፊርማውን ካየሁ ውጤቱን በእርግጥ አያለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱን ለማግኘት ምናባዊውን ማሽን በጭንቅላቱ ማስኬድ ይኖርበታል።

የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ፑ በ1999ና በ2000 ባወጣቸው ጽሑፎች ደንቡ በሁለት ወገን የተበላሸ መሆኑን አሳየ። በአንድ ወገን ከመጠን በላይ ጥብቅ ነበር። ሁለት ስሞች ምናልባት አንድ ነገር የሚጠሩ ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ ቀደም ሲል ያነበበውን እንደገና ሳያነብ እንዳይጠቀምበት ይከለክላል፤ ይህ ግን ማናቸውም ጥሩ ኮምፓይለር የሚያደርገው ተራ ማፋጠኛ ነው። በመሆኑም ሥራ ላይ የነበሩ የጃቫ ማሽኖች ሳይታወቃቸው ደንቡን ይጥሱ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ከመጠን በላይ የላላ ነበር። ቮላታይል ተብሎ በተሰየመ ምልክት ላይ መጻፍ ከእርሱ በፊት የተጻፉትን ሌሎች ነገሮች ተከትለው እንዲታዩ አያስገድድም፤ ይህም በሮስተራችን ምሳሌ ፊርማው በደማቅ ቀለም ቢፈረምም ስለ ውጤቱ ምንም አያረጋግጥም እንደማለት ነው። ከዚህም አልፎ አይለወጥም የተባለው የፊደላት ሰንሰለት ሊለወጥ ይችል ነበር፤ «/ዩኤስአር/ቲኤምፒ» ከሚለው ጽሑፍ ላይ «/ቲኤምፒ» ተቆርጦ ለሌላ ትሬድ ቢሰጥ፣ ተቀባዩ መጀመሪያ «/ዩኤስአር» ቀጥሎም «/ቲኤምፒ» ሊያነብ ደንቡ ይፈቅድ ነበር።

በተግባር ከደረሱት ሁሉ የታወቀው ግን በእንግሊዝኛ «ደብል ቼክድ ሎኪንግ» የሚባለው የአጻጻፍ ዘዴ ውድቀት ነው። ዘዴው አንድ ውድ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈጠር ያደርጋል። በመጀመሪያ ነገሩ መኖሩ ያለ ቁልፍ ይታያል፤ ከሌለ ይቆለፍና እንደገና ታይቶ ይፈጠራል። ብዙ መጻሕፍት ያስተማሩት ብልሃት ነበር። ሆኖም መፍጠር ማለት ሦስት ሥራ ነው፤ ቦታ መያዝ፣ ቦታውን መሙላት፣ አድራሻውን በጋራው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። ፖል ጃኩቢክ ባገኘው የሙከራ ፕሮግራም ላይ የሲማንቴክ ጂት ኮምፓይለር አድራሻውን የለጠፈው ቦታውን ከመሙላቱ በፊት ነበር። የዚያን ጊዜው ደንብ ይህን አይከለክልም። በሌላ አነጋገር መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ሳይደረደሩ የቤተ መጻሕፍቱ በር ተከፈተ። ዴቪድ ቤከንን፣ ጆሹዋ ብሎክን፣ ክሊፍ ክሊክንና ዳግ ሊን ጨምሮ በርካታ ባለሙያዎች ዘዴው የተሰበረ ስለመሆኑ በፊርማቸው አስታወቁ።

እኛ ከዚህ የምንወስደው ፍርድ ግልጽ ነው። የተሳሳቱት ብልሃቱን ያስተማሩት መጻሕፍት ብቻ አይደሉም። ኮምፓይለር ሠሪው ሳያውቀው የሚጥሰው፣ መጽሐፍ ደራሲውም ሳያውቀው የሚተላለፈው ደንብ እንደ ደንብ ሊቆጠር አይችልም።

4. የ2004ቱ ማሻሻያ

በመስከረም ወር 2004 እ.ኤ.አ. ከጃቫ 5 ጋር የወጣው አዲሱ ደንብ ምናባዊውን ማሽን ትቶ በአንድ ሐሳብ ላይ ቆመ፤ ይኸውም የቀዳሚነት ግንኙነት ነው። አንድ ትሬድ ቁልፍ ሲለቅና ሌላው ያንኑ ቁልፍ ሲይዝ፣ ከመልቀቁ በፊት የተሠራው ሁሉ ከመያዙ በኋላ ይታያል። አንድ ትሬድ ቮላታይል ምልክት ሲጽፍና ሌላው ያንኑ ሲያነብ እንደዚሁ ነው። ፋይናል ተብሎ የተሰየመም ነገር፣ ሲፈጠር አድራሻው አስቀድሞ ካልወጣ በቀር፣ ተሞልቶ ብቻ ይታያል። ስለዚህም «አቁም» የሚለው ምልክት ቮላታይል ከተባለ ቆጣሪው ይቆማል፤ ያ የተሰበረ ብልሃትም ሰሌዳው ቮላታይል ከሆነ ይጠገናል።

ይህ ተስፋ ሁለት ወገኖችን ያስራል። ጂት ኮምፓይለሩ በምልክቱ ዙሪያ ያሉትን ትእዛዞች እንዳያሻግር ይከለከላል፤ ፕሮሰሰሩም እንዳያሻግር ኮምፓይለሩ ማገጃ ትእዛዝ ያስገባል። በኢንቴል ዓይነቱ ማሽን ላይ ቮላታይልን ማንበብ ተራ ንባብ ሲሆን፣ ሆትስፖት ከጽሕፈቱ በኋላ የመቆለፊያ ምልክት ያለበት ትእዛዝ ያክልበታል። በ64 ቢቱ አርም ላይ ደግሞ ለዚሁ የተሠሩ ልዩ የማንበቢያና የመጻፊያ ትእዛዞች አሉ። ጂት ኮምፓይለር ብልጫ የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚተረጉመው በሚሠራበት ማሽን ላይ ሆኖ ስለሆነ ለዚያው ማሽን የሚበቃውን ማገጃ ብቻ ይመርጣል።

ቅደም ተከተልን ከአቶሚክ፣ ማለትም ከማይከፈል ሥራ ጋር ማምታታት አይገባም። ቆጣሪ ላይ 1 መጨመር አንድ ሥራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ማንበብ፣ መደመርና መጻፍ ነው። ሁለት ትሬዶች 85ን እኩል አንብበው ሁለቱም 86 ቢጽፉ አንዱ ጭማሪ ይጠፋል። ቆጣሪው ቮላታይል መሆኑ አያድነውም፤ ቮላታይል የሚጠብቀው ተራን እንጂ የሦስቱን ሥራ አንድነት አይደለምና። ለዚህ የሚያስፈልገው «የነበረው 85 ከሆነ 86 አድርገው፤ ካልሆነ ንገረኝ» የሚል በአንድ ትንፋሽ የሚፈጸም ትእዛዝ ነው። የኢንቴል ማሽኖች ይህን በአንድ ትእዛዝ ያደርጉታል። የቀድሞዎቹ 64 ቢት አርሞች በሁለት ትእዛዞች፣ ካልተሳካም እየደጋገሙ ሲሠሩት፣ ከ8.1 እትም ወዲህ ያሉት ደግሞ የራሱ ትእዛዝ አላቸው፤ ሆትስፖትም ማሽኑን አይቶ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በጃቫ 5 ውስጥ በዳግ ሊ መሪነት የተዘጋጁት የአቶሚክ ቆጣሪዎች ለተማሪ የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው።

5. የቀረው ጉድለት

አዲሱ ደንብ ለፕሮግራም ጸሐፊው የሰጠው ተስፋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ በፕሮግራምህ ውስጥ ያልተጠበቀ የዳታ ሽሚያ ከሌለ፣ ላምፖርት የገለጸውን ሰልፍ ታገኛለህ የሚል ነው። ይህ ሊማሩት፣ ሊያስተምሩትም የሚቻል ውል ነው።

ሽሚያ ላለበት ፕሮግራም የተጻፈው ክፍል ግን ሌላ ነው። ሁለት መምህራን አንዱ ከሌላው ሮስተር የአንድ ተማሪ ውጤት ይገለብጣሉ እንበል፤ በመጨረሻ በሁለቱም ላይ ማንም ያልሰጠው 42 ቢገኝ «ከጓደኛዬ ገለበጥሁት» የሚለው የሁለቱም መልስ እርስ በርሱ አይጋጭም። ቢሆንም ውጤቱ ከባዶ አየር የመጣ ነው። ጃቫ ከማይታመን ሰው የመጣን ፕሮግራም ጭምር በደኅና ለማስኬድ የታሰበ ቋንቋ በመሆኑ፣ ይህን መከልከል ነበረበት። ለመከልከል የተጻፉት ደንቦች ግን እጅግ ረቂቅ ከመሆናቸው የተነሣ፣ ሼቭቺክና አስፒናል በ2008 እንዳሳዩት፣ ሆትስፖት ራሱ ይሠራባቸው ከነበሩት ማፋጠኛዎች አንዳንዶቹ በደንቡ መሠረት የማይፈቀዱ ሆነው ተገኙ። የ1996ቱ ሕመም በአንድ ጥግ እንደገና አገርሽቷል ማለት ነው። የሕመሙም ነገር በጃቫ ብቻ አላበቃም። ጃቫስክሪፕት በ2017 የጋራ ማኅደርና የአቶሚክ ሥራ ደንብ አወጣ፤ በ2020 ኮንራድ ዋትና ባልደረቦቹ ደንቡ ኮምፓይለሮች በአርም ላይ ሊጠቀሙበት ካሰቡት አተረጓጎም ጋር እንደማይጣጣም አሳይተው ማረሚያ አቀረቡ።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ሰነዶች በአንድ ሚዛን አናስቀምጥም። የ1996ቱ የሳተው ለሁሉም አንባቢ ነው። የ2004ቱ ለተራው ፕሮግራም ጸሐፊ የጠራ ቃል ሰጥቶ፣ ጨለማውን ለኮምፓይለር ሠሪዎች ትቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፍጻሜ ግን አይደለም።

6. ለክፍል ውስጥ ትምህርት

ይህ ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ምን ይጠቅመዋል ለሚል፣ የሚከተለውን እናቀርባለን። በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ያለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የኢንቴል ዓይነት ከሆነ፣ ጥብቅነቱ የተማሪውን ስሕተት ሊሸፍንለት ይችላል። ተማሪው ያንኑ ሐሳብ ለአንድሮይድ ስልክ ሲጽፈው ግን ፕሮሰሰሩ አርም ነው፤ አንድሮይድም ከ2016ቱ 7ኛ እትም ጀምሮ ጂት ኮምፓይለርን መልሶ ሥራ ላይ አውሏል። በላቦራቶሪ ያለፈው ፕሮግራም በሰው እጅ ሲገባ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «ሺህ ጊዜ ሞክሬው ሠርቷል» የሚለው የተማሪ መልስ በዚህ ትምህርት ውስጥ ማስረጃ ሆኖ መቆጠር የለበትም። ማስረጃ የሚሆነው የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደሚቀድምና በየትኛው ቁልፍ ወይም ምልክት እንደተረጋገጠ ጣቱን አስቀምጦ ማሳየቱ ነው።

ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ትሬዶች አንድን ተራ ቆጣሪ እያንዳንዳቸው 100,000 ጊዜ እንዲጨምሩ ማድረግና 200,000 ይገኝ እንደሆነ ደጋግሞ ማየት ይበቃል። ቀጥሎ ቆጣሪውን ቮላታይል ማድረግ፣ ከዚያ መቆለፍ፣ በመጨረሻም በአቶሚክ ቆጣሪ መተካት፣ በየእርከኑም «አሁን ምን ተስፋ ተሰጠን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ተማሪው በዚህ መንገድ በቮላታይልና በአቶሚክ መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ሳይሆን በዐይኑ ያያል። በትምህርቱ ተራም ቁልፍን ማስቀደም፣ ቮላታይልን ማስከተል፣ ጥበብ የሚጠይቁትን የአቶሚክ ዘዴዎች ወደ ኋላ ማድረግ ይበጃል።

የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገራችንን መጣል አያስፈልግም፤ ሦስት ቃላት መጨመር ብቻ ይበቃል። ኮምፒዩተር፣ «ብቻውን ለሚሠራ ትሬድ»፣ በተጻፈበት ተራ እንደፈጸመ ሆኖ ይታያል። ከአንድ በላይ ሠራተኛ ባለበት ግን ተራ የሚገኘው በመጻፍ ብቻ ሳይሆን በመዋዋል ጭምር ነው። ተማሪያችን ይህን በ10ኛ ወይም በ11ኛ ክፍል ከያዘ፣ ነገ በባንክ ሒሳብ ወይም በሆስፒታል መዝገብ ላይ ፕሮግራም ሲጽፍ ፊርማው ከውጤቱ እንዳይቀድም አስቀድሞ ያስብበታል።